ከሞላው በፊት አክስሉ፦ ላንድክሩዘርን ከፍ ለማድረግ በጀት ሲያዝ

ቅዳሜ ረፋድ ነው። አዲስ አበባ፣ ጎተራ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ አንድ ነጭ ላንድክሩዘር 80 የፊት ጎማዎቹ ወልቀው በብረት መደገፊያ ላይ ቆሟል። ባለቤቱ ቱሪስት ይዞ ወደ ዳናክል፣ ወደ ኦሞ ሸለቆና ወደ ባሌ የሚመላለስ አስጎብኚ ሹፌር ነው። ከመኪናው ኋላ፣ ገና ከካርቶናቸው ያልወጡ አራት ሞላዎችና አራት አሞርዛተሮች ተደርድረዋል። ዱባይ በሚመላለስ ነጋዴ በኩል ያስመጣቸው ናቸው፤ መኪናውን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርጉለታል። እነሱን ከገዛ በኋላ ኪሱ ውስጥ የቀረው ለእጅ ዋጋ የሚሆን ብቻ ነው።

መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሞላውን ከመንካታቸው በፊት የቀኝ ፊት ጎማ የሚታሰርበትን ክፍል መፍታት ጀመሩ። መሪው የሚታጠፍበትን ክብ የብረት ቤት ሲከፍቱት፣ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ መውጣት የነበረበት ግሪስ ከዲፈረንሻሉ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሾርባ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ረዳታቸው ቆርቆሮ ይዞ ደረሰ። ሽማግሌው ከማጠፊያው የወጣውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠርገው ወደ ብርሃን ያዙት። ሮለሮቹ የሚያርፉበት ብረት ላይ እኩል እኩል የተራራቁ፣ በጥፍር የሚዳሰሱ ጎድጓዳ ምልክቶች ተቀርጸውበታል።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለሞላው ነው" አለ ባለቤቱ።

"አውቃለሁ ልጄ። ሞላውን ዛሬ ከሰዓት ገጥሜ ላስረክብህ እችላለሁ። በዚህ አክስል ግን ሰው ጭነህ አፍዴራ ደርሰህ ትመለሳለህ ብዬ ብሸኝህ ዋሸሁህ።"

መኪናውን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሞላና የአሞርዛተር ዋጋ ነው፤ ያንንም የሥራው ሁሉ ዋጋ አድርጎ ይይዘዋል። ሥራው ሲጀመር ግን ያረጀው ኩሽኔታ፣ የሚያንጠባጥበው ኦይል ሲል፣ የሚያጥረው የፍሬን ቱቦ፣ የሚባዝነው መሪ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ገንዘቡ መሀል ላይ ያልቃል። ያን ጊዜ ሥራው ይቆማል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ሳያልቅ ያለቀ መስሎ መኪናው መንገድ ይወጣል። ስለዚህ በጀቱ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ መሄድ አለበት። መጀመሪያ አክስል፣ ፍሬንና መሪ፤ ቀጥሎ ሞላና አሞርዛተር፤ ከዚያ ጎማ፤ በመጨረሻ ማርሽና ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያስረው ሎከር።

መኪናው በቀላሉ የማይተካ ሲሆን

ላንድክሩዘር 80 በባሌስትራ ላይ ይቀመጥ የነበረውን 60 ተክቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ ዋለ። ከፊትም ከኋላም ወጥ አክስል ያለው፣ አክስሎቹም በሞላ ላይ የተቀመጡ መኪና ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ 100 የተባለው ሲተካው፣ የፊት ወጥ አክስል በአብዛኛው ገበያ ላይ መምጣቱ ቀረ። በመሆኑም ዛሬ በአገራችን መንገድ ላይ የምናያቸው 80ዎች አብዛኞቹ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ወይም የተቃረቡ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. የተላለፉ ሁለት ውሳኔዎች የእነዚህን መኪኖች ዕጣ ለውጠዋል። በጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመጀመሪያው ውሳኔ አሮጌውን መኪና ውድ አደረገው፤ ሁለተኛው መለዋወጫውን። መኪናው የቤተሰብ እንጀራ የሆነበት ሰው፣ ቢሰበርበት ሌላ እተካለሁ ማለት አይችልም። ያለችውን ብር የት እንደሚያውላት አስቦ መወሰን ከምንጊዜውም በላይ ግድ ሆኖበታል።

ከፍታው ምን ይሰጣል?

አስቀድመን አንድ የተስፋፋ ስሕተት እናርም። የ5 ሳንቲ ሜትር ሞላ ዲፈረንሻሉን ከመሬት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያርቀውም። ሞላው የሚያነሣው ሻንሲውንና ከሻንሲው በላይ ያለውን ነው። አክስሉ በጎማው መሀል ስለሚያልፍ ከመሬት የሚርቀው ጎማው ሲያድግ ብቻ ነው።

ሂሳቡ ይህን ይመስላል። በብዙ 80ዎች ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው 275/70R16 ጎማ ዳር እስከ ዳር 79 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 285/75R16 ከተቀየረ 83 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ገደማ ይሆናል። ጭማሪው 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው የዚያን ግማሽ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። 315/75R16 የተባለው ትልቁ ጎማ ሲገጠም ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ያገኛል፤ ይህ ጎማ ግን ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ማንሳት፣ ሌላ ማርሽና ጠንካራ አክስል ይጠይቃል።

እንዲህ ከሆነ ከፍ ያለው ሞላ ምን ይጠቅማል? ለሚያድገው ጎማ ቦታ ይሰጣል። አፍንጫው ከወንዝ ዳር ሲወርድ፣ ጅራቱ ከጉድጓድ ሲወጣ፣ ሆዱ በጉብታ ላይ ሲያልፍ እንዳይነካ ማዕዘኑን ያሰፋል። በፒስታ ላይም አክስሉ ወደ ላይ የሚጓዝበትን ርቀት ስለሚጨምር ጭነት የያዘ መኪና በየጉድጓዱ ብረት ለብረት እንዳይመታ ያደርገዋል። እነዚህ ጥቅሞች እውነተኛ ናቸው። ዋጋቸው ግን ከገንዘብም በላይ ነው። የመኪናው የክብደት ማዕከል ከፍ ባለ ቁጥር በጠመዝማዛ መንገድ ይበልጥ ያዘነብላል፤ ፖርቶመጋላው ላይ ጀሪካንና ድንኳን ሲጫንበት ደግሞ ይብሳል። ለአብዛኛው የአገራችን ሥራ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለችው እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር ከመጀመሪያዎቹ አምስት ይልቅ ትወደዳለች፤ ምክንያቱም ከስሯ ያለውን ሁሉ እንዲቀየር ታስገድዳለች።

ክብደቱን ሳያውቁ ሞላ መግዛት

ሞላ የሚሸጠው በቁመት ብቻ አይደለም፤ በሚሸከመው ክብደት ነው። ለባዶ መኪና፣ ለመካከለኛ ጭነትና ለከባድ ጭነት የተሠሩት ሞላዎች ካርቶናቸው ቢመሳሰልም ጠባያቸው ለየቅል ነው። የከባድ ጭነት ሞላ በባዶ መኪና ላይ ከተገጠመ ጎማው በፒስታው ላይ እየነጠረ መሬት ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይታዘዝም። ቀላሉ ሞላ በከባድ ጭነት ስር ሲገባ ከፍታው በመጀመሪያው ጉዞ ይጠፋል።

አንድ የዳናክል ጉዞ ምን ያህል እንደሚመዝን እናስላ። ሹፌሩና አራት መንገደኞች በአማካይ 75 ኪሎ ቢሆኑ 375 ኪሎ ናቸው። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው። ባለ 20 ሊትር አራት የናፍጣ ጀሪካኖች ከነዕቃቸው 80 ኪሎ ያልፋሉ። ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ምግብና የማብሰያ ዕቃ 120 ኪሎ፣ ፖርቶመጋላው 50 ኪሎ፣ ሁለተኛው ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው 35 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ ወደ 760 ኪሎ ይጠጋል። የዚህ ዓይነት መኪና የሚፈቀድለት ጭነት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 800 ኪሎ ባለው መካከል ነው። ትክክለኛውን ልክ መኪናው ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳ ይናገራል።

ስለዚህ የበጀቱ የመጀመሪያ ወጪ ትንሿ ናት፤ የሚዛን ክፍያ። መኪናውን ለጉዞ እንደሚወጣ አድርጎ ጭኖ፣ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ በመሬት ሚዛን ላይ ማስመዘን ያስፈልጋል። ሁለቱ ቁጥሮች የትኛው ሞላ እንደሚገዛ በሻጭ ምክር ሳይሆን በእውነት ይወስናሉ። አንዳንድ ጊዜም ጭነት መቀነስ ከሞላ መግዛት እንደሚሻል ያሳያሉ።

ርካሹ መንገድ በነባሩ ሞላ ላይ ወፍራም የላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም መደረቢያ ማስገባት ነው። መኪናው ከፍ ይላል፤ ሞላው ግን ያው የደከመው ሞላ ነው፣ የመሸከም ዐቅሙ አልተጨመረም። በባሌስትራ ላይ ለሚቀመጡት የላንድክሩዘር 70 ሃርድ ቶፖችም ተመሳሳይ ምርጫ አለ። ቅጠል መጨመር ወይም የረገበውን በእሳት አግሎ በመዶሻ ማጉበጥ ከአዲስ ባሌስትራ በብዙ ይረክሳል። በእሳት ግሎ እንደገና በሥርዓት ያልጠነከረ ቅጠል ግን ብዙ ሳይቆይ ይረግባል፣ ወይም ይሰበራል።

አክስሉ ውስጥ ያለው

ወደ ጋራዡ እንመለስ። ሽማግሌው የፈቱት ክፍል የ80 የፊት አክስል ልብ ነው። ጎማው መሪ እየታዘዘ ወደ ጎን ሲታጠፍም ከሞተር የሚመጣውን ኃይል ሳያቋርጥ መቀበል አለበት። ይህን የሚያስችለው ሲቪ ጆይንት ነው፤ በሁለት ብረቶች መካከል ስድስት ኳሶች እየተንሸራተቱ ኃይሉን በእኩል ፍጥነት ያስተላልፋሉ። አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፈጠረው ብልሃት ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም።

ሲቪ ጆይንቱ የሚኖረው በግሪስ በተሞላ ክብ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን ከዲፈረንሻሉ ዘይት የሚለየው በአክስሉ ጫፍ ያለች አንዲት ኦይል ሲል ናት። እሷ ስትደክም ዘይቱ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ ኳሶቹ ያለ ቅባት መሥራት ይጀምራሉ። የቤቱን ውጫዊ ክፍል የሚጠርገው ላስቲክ ሲያልቅ ደግሞ አሸዋና ውኃ በዚያ በኩል ይገባሉ። ሹፌሩ የሚሰማው ምልክት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ይመጣል። መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ መኪናው ሲንቀሳቀስ ከፊት ጎማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

በእያንዳንዱ ጎን መሪው የሚታጠፍባቸው ሁለት ኩሽኔታዎች፣ ጎማው የሚዞርባቸው ሌሎች ሁለት ኩሽኔታዎች፣ የውስጥ ኦይል ሲል፣ የጠራጊ ላስቲክ ስብስብና ጋስኬቶች አሉ። ሁለቱ ጎኖች ሲደመሩ ስምንት ኩሽኔታ ይሆናል። ሥራውን የሚያከብር መካኒክ የማጠፊያውን ጥብቀት በእጅ ግምት አይተወውም፤ በባለሞላ ሚዛን እየሳበ ይለካዋል። ሲቪ ጆይንቱ ራሱ ገና ካልተሰነጠቀ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተበላውን የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ በማዛወር ተጨማሪ ዕድሜ መስጠት ይቻላል። ገንዘብ ላጠረው ሰው ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

የኋላውን አክስል በተመለከተ፣ የመኪናው ክብደት በጎማው ማዕከል ባሉ ኩሽኔታዎች ላይ የሚያርፍበት ዓይነት ከሆነ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ሴሚያሱ፣ የሚሠራው ኃይል ማስተላለፍ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ አክስል ላይ ሴሚያስ ቢሰበር ጎማው አይወልቅም፤ ሴሚያሱን መንገድ ላይ ስቦ አውጥቶ በፊት አክስል ኃይል መመለስ ይቻላል። ሴሚያሱ ራሱ ክብደት የሚሸከምበት ዓይነት ከሆነ ግን ስብራቱ ጎማውን ይዞት ሊሄድ ይችላል። በረሃ የሚገባ ሰው የትኛው እንዳለው ማወቅ አለበት።

በዚህ ክፍል ከሁሉ የምትረክሰው ማሻሻያ የአክስሉ መተንፈሻ ናት። አክስሉ ሲሠራ ይሞቃል። የሞቀ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ውኃ ይስባል። መተንፈሻውን በላስቲክ ቱቦ እስከ ሞተር ክፍል ድረስ ማስረዘም የጥቂት ሜትር ቱቦና የሁለት ማሰሪያ ወጪ ነው፤ የሚያድነው ግን ሙሉ ዲፈረንሻል ነው።

የነጩ 80 ባለቤት ግማሽ ቀን አሰበበት። በመጨረሻ ሞላዎቹን ከነካርቶናቸው አስቀምጦ፣ የእጅ ዋጋ ብሎ የያዘውን ገንዘብ ለኩሽኔታና ለኦይል ሲል አዋለው። ከፍታው ለሚቀጥለው ወቅት ተላለፈ።

ከፍታ ይዞት የሚመጣው ወጪ

ሞላው ሲቀየር በአክስሉና በሻንሲው መካከል ያሉ ግንኙነቶች ሁሉ ይለወጣሉ። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ትንሽ ወጪ አለው፤ ከበጀት የሚረሱትም እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው የመሪው ነው። የፊት አክስሉ በሻንሲው ላይ በረጅም ክንዶች ስለሚታሰር ሻንሲው ከፍ ሲል አክስሉ በጥቂቱ ይዞራል፤ መሪው የሚታጠፍበት መስመር ወደ ኋላ የነበረው ዝንባሌ ይቀንሳል። ካስተር የሚባለው ይህ ዝንባሌ ነው መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ ወደ መሀል እንዲመለስ የሚያደርገው። የ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሁለት ዲግሪ ያህል ይወስድበታል። ሹፌሩ በቀጥታ አስፋልት ላይ መኪናው ሲባዝንበት፣ ሁልጊዜ ሲያርመው ይሰማዋል። መፍትሔው ለዚሁ የተሠሩ ማስተካከያ ጎሚኒዎችን በክንዶቹ ውስጥ ማስገባትና አላይመንት ማስለካት ነው።

ሁለተኛው የፍሬን ነው፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር ረዘም ያለ ቱቦ ይገጠማል። ከዚህም በላይ በብዙ 80ዎች ላይ በኋላ አክስልና በሻንሲው መካከል የጭነቱን መጠን እያነበበ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚወስን መሣሪያ አለ። ሻንሲው ሲነሣ መሣሪያው መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያነባል፣ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። መያዣው በዚያው ልክ ካልተነሣለት፣ ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያንን ከ1,000 ሜትር በላይ የሚሆን ቁልቁለት በአመዛኙ በፊት ፍሬን ሊወርድ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያስረው ዘንግ ነው። ሻንሲው ሲነሣ ይህ ዘንግ አክስሉን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ብዙ ሰው ችሎት ይነዳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ያስፈልጋል። አራተኛው የሻፍቶቹ ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ ሲሰፋ ክሮቼራው ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም ያልቃል። በሠላሳ ዓመት መኪና ላይ ክሮቼራዎቹን አብሮ መቀየር ጥበብ ነው።

ጎማ፣ ማርሽና የአገራችን አየር

ትልቅ ጎማ ሲገጠም ሞተሩ አንድ ዙር ለማዞር የበለጠ ይደክማል። ከ275/70 ወደ 285/75 ሲሄድ ለውጡ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው በእውነት 105 እየሄደ ነው። ዲፈረንሻሉ 4.1 የሆነ መኪና 3.9 እንዳለው ሆኖ ይሠራል። ወደ 315/75 ከተሄደ ለውጡ 11 በመቶ ይደርሳል፤ የቀድሞውን ጉልበት ለመመለስ 4.56 ማርሽ ያስፈልጋል።

ይህ ሂሳብ በአውስትራሊያ የባሕር ጠረፍ ለሚነዳ ሰው አንድ ነው፤ ለእኛ ሌላ ነው። አየር ከፍ ባልን ቁጥር ይሳሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ሞተሩ የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። በባሌ ሳነቲ አምባ፣ 4,000 ሜትር ላይ፣ አንድ ሦስተኛው ይጎድላል። ቱርቦ የሌለው የ4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ይህን ጉድለት የሚሞላበት መንገድ የለውም። ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ በሚገኘው ዳሎል ላይ ትልቁን ጎማ ያለ ችግር የሚያዞር መኪና፣ ወደ ሳነቲ ሲወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ማርሹን ለመቀየር በጀት የሌለው ሰው በ285/75 ላይ መቆም አለበት።

ለአሸዋ ደግሞ ምንም የማያስወጣ መፍትሔ አለ። የጎማውን አየር ከ36 ወደ 18 ፒ.ኤስ.አይ. ማውረድ ጎማው በአሸዋ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚያረዝመው፣ በአፋር አሸዋ ላይ ከየትኛውም ሞላ የበለጠ ያሻግራል። ወደ አስፋልት ሲመለሱ መልሶ መንፋት ግዴታ ስለሆነ ጥሩ የአየር ፓምፕ በበጀቱ ውስጥ ይግባ።

መቶው ብር ሲከፋፈል

በአሜሪካና በአውስትራሊያ ገበያ ለ80 የሚሆን ጥሩ የሞላና የአሞርዛተር ስብስብ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ገደማ ይሸጣል። አንድ 285/75R16 ጎማ ከ250 እስከ 400 ዶላር ነው፤ ትርፉን ጨምሮ አምስት ያስፈልጋል። የአየር ሎከር ለአንድ አክስል ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። በእነዚህ ላይ የማጓጓዣው፣ የጉምሩክ ቀረጡ፣ ሱር ታክሱና 15 በመቶው ቫት ይደመራሉ። ሞላና ጎማ ከባድ ዕቃዎች ስለሆኑ ማጓጓዣው ቀላል አይደለም።

የብሩ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ በቁጥር ከመናገር በድርሻ መናገር ይሻላል። ለዚህ ሥራ 100 ብር ያለው ሰው 25ቱን ለአክስል፣ ለፍሬንና ለመሪ ዕድሳት ያውጣ። 25ቱ ለሞላና ለአሞርዛተር ይሁን። 30ው ለአምስት ጎማ ይሂድ። 10ሩ ለማስተካከያ ጎሚኒ፣ ለቱቦ፣ ለክሮቼራ፣ ለአላይመንትና ለእጅ ዋጋ ነው። የቀረው 10 አይነካም፤ መኪናው ሲፈታ ለሚገኘው ያልታሰበ ነገር ይቀመጣል። በሠላሳ ዓመት መኪና ውስጥ ያልታሰበ ነገር ሁልጊዜ አለ።

ገንዘብ የሚቆጥበው ሌላው መንገድ አንዴ በተፈታ ላይ ሁለት ሥራ መሥራት ነው። ጎማው ወልቆ አክስሉ ሲከፈት ማስተካከያ ጎሚኒውም፣ የፍሬን ቱቦውም አብረው ይገቡ። ማርሽና ሎከርም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱም ዲፈረንሻሉን ማውጣትና በመቶኛ ሚሊ ሜትር እየለኩ መልሶ መግጠም ስለሚጠይቁ፣ ዛሬ ማርሽ፣ ከርሞ ሎከር ብሎ መከፋፈል የእጅ ዋጋውን ሁለቴ መክፈል ነው። ማርሽ ሲቀየር የፊቱና የኋላው እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱን ብቻ የቀየረ ሰው አራቱም ጎማ ሲሠራ ማርሹን ይሰብረዋል።

ሎከር ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍታ ከመጨመር በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው። ተራ ዲፈረንሻል አንድ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ዙሩን ሁሉ ለዚያ ጎማ ይሰጣል፤ መሬት የያዘው ዝም ብሎ ይቆማል። ሎከር ሁለቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል። አንዳንድ 80ዎች ከፋብሪካ ከፊትና ከኋላ ሎከር ይዘው ወጥተዋል፤ ለእነዚህ ባለቤቶች የተበላሸውን ማስጠገን አዲስ ከመግዛት ይቀድማል።

በገበያው ውስጥ

በመርካቶ ሶማሌ ተራ አንድ ዕቃ ሲጠየቅ ሻጩ ሦስት ዋጋ ይናገራል፤ ኦሪጅናል፣ የታይዋን ወይም የቻይና፣ ያገለገለ። ልምድ ያላቸው መካኒኮች የሚከተሉት ሕግ ቀላል ነው። ላስቲክና ኩሽኔታ አዲስና ጥሩ ይሁን፤ ወፍራም ብረት ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም። ኦይል ሲል፣ የፍሬን ቱቦ፣ ኩሽኔታና ቴስቲና ላይ የተቆጠበ ብር በረሃ ላይ በእጥፍ ይከፈላል። የጎማ ማዕከል፣ የአክስል ቤት፣ ወይም ጥርሱ ያልተበላ ሙሉ ዲፈረንሻል ግን ካገለገለ መኪና ቢወሰድ ከርካሽ አዲስ ሊሻል ይችላል። የታወቁት የጃፓን ኩሽኔታዎች ስም በሐሰት ካርቶን ላይ ስለሚታተም፣ አሮጌውን ኩሽኔታ ይዞ ሄዶ ቁጥሩን፣ የጽሑፉን አቀራረጽና ክብደቱን ማስተያየት ያስፈልጋል። መሪ ዘንግ ላይ ብየዳ አይገባም፤ ማንም ቢመክር አይሰማ።

ሥራው ሲያልቅም ርክክቡ በቁልፍ መቀበል ብቻ አይጠናቀቅ። ከእያንዳንዱ ጎማ መሀል እስከ መከለያው ጫፍ ያለው ርቀት ይለካና ይጻፍ፤ ከወራት በኋላ ሞላው መርገቡን የሚያሳየው ይህ ቁጥር ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ ቱቦዎቹ አለመወጠራቸው፣ መሪው ዳር እስከ ዳር ሲጠመዘዝ ጎማው የትም አለመንካቱ ይታይ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቡሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይጥበቁ። ይህን የመጀመሪያ ጉዞ ባዶ መኪና ይዞ፣ ጋራዥ ባለበት መንገድ ላይ ማድረግ ይገባል፤ የሰው ሕይወት አደራ ተቀብሎ በረሃ መውጣት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

መኪናዎን ከፍ ለማድረግ ያሰቡ አንባቢ ሆይ፣ ሞላ ከመጠየቅዎ በፊት ሦስት ነገር ያድርጉ። መኪናዎን ከነጭነቱ ያስመዝኑ። የፊት ጎማውን አስፈትተው የአክስሉን ውስጥ በዓይንዎ ይዩ። የፍሬኑን፣ የመሪውንና የኩሽኔታውን ዋጋ በወረቀት ላይ ከሁሉ በላይ ይጻፉ። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ፣ የሚቀረው ከፍታው ይሁን።